በልጆቹ እርምጃ

ያዕቆብና ዔሳው የታረቁበትን ምዕራፍ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ያዕቆብ ሃያ ዓመት በአጎቱ በላባ ቤት ቆይቶ ይመለሳል። ወንድሙ ሮጦ ይቀበለዋል። ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። ስብከት ላይ የሚነሳውም ይኸው መተቃቀፍ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ከእንባው በኋላ ያለው አጭር ንግግር ነው። ዔሳው አብረን እንሂድ ይለዋል። ያዕቆብ ደግሞ ልጆቹ ደካሞች ናቸው፣ ከመንጋውም የሚያጠቡ አሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ብናዋክባቸው ያልቃሉ ብሎ ይመልስለታል። አንተ ቅደም፣ እኔ በከብቶቹና በልጆቹ እርምጃ ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ ይለዋል። ዘፍጥረት 33 ላይ ነው።

ይህን ያለው ሰው የሚመራው ቤተሰብ ቀላል አልነበረም። አሥራ አንድ ወንዶች ልጆች፣ ዲና፣ አራት እናቶች። ሁለቱ እናቶች እህትማማቾች ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ የእነሱ ገረዶች። ፉክክሩም ቅያሜውም አብሮ ይጓዛል። እዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ዔሳው አራት መቶ ሰው አስከትሎ ሲመጣ ያዕቆብ ቤተሰቡን ያሰለፈበት መንገድ ሲነበብ ያማል። ገረዶቹንና ልጆቻቸውን ከፊት አደረገ። ልያንና ልጆቿን አስከተለ። ራሔልንና ዮሴፍን ከሁሉም ኋላ አስቀመጠ። እርግጥ እሱ ራሱ ከሁሉም ቀድሞ ሄዷል። ግን ክፉ ቢመጣ ቀድሞ ማንን እንደሚያገኝ ለልጆቹ ማንም መንገር አላስፈለገውም። ሰልፉን በዓይናቸው አይተውታል። ጥቂት ምዕራፎች አለፍ ስንል የዮሴፍ ወንድሞች ዮሴፍን ጠልተውት እናገኛቸዋለን፤ አባታቸው እሱን አብልጦ ይወድ ነበርና። ያ ሰልፍ ከልባቸው ወጥቶ ነበር ብዬ አላምንም።

ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። አንዱ አሥራ አራት፣ አንዱ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጊዜያቸውን በእናታቸው ቤትና በእኔ ቤት ይከፍላሉ። ባለቤቴ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ሴት ልጅ አለቻት። ልጆቼ «አባዬ» ይሉኛል። እሷ «ጋሼ» ትለኛለች። አምስታችን አንድ መኪና ውስጥ ገብተን ረጅም መንገድ ስንሄድ የያዕቆብ ሰልፍም የያዕቆብ ንግግርም አብረውኝ ይሄዳሉ። ማን የት ይቀመጣል? በማን ፍጥነት ነው የምንሄደው? እንደ እኛ ላለ ቤተሰብ የጉዞው ትልቁ ጉዳይ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው ባይ ነኝ። ሆቴሉ፣ ሻንጣው፣ ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የቦታውን ነገር ላስቀድም። ከባለቤቴ ጋር ከመጋባታችን በፊት ከልጆቼ ጋር ስንጓዝ ጋቢና ከእኔ ጎን የሚቀመጠው ትልቁ ልጄ ነበር። ካርታ የሚያየው እሱ ነው። ዘፈን የሚመርጠው እሱ ነው። ቤንዚን ስንቀዳ አብሮኝ የሚወርደው እሱ ነው። አሁን ጋቢናው የባለቤቴ ነው። ለእኔ ይህ ግልጽ ነገር ነው፤ ሚስቴ ናት። ለእሱ ግን ቦታው ተወስዶበታል። አፍ አውጥቶ አይናገረውም። የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ለብዙ ዓመታት ያጠናች ፓትሪሺያ ፔፐርናው የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች። ከእሷ ከተማርኩት አንዱ የውስጥ ሰውና የውጭ ሰው የምትለው ነገር ነው። ወላጅና የወለደው ልጅ ከአዲሱ ትዳር በፊት የቆየ ትስስር አላቸው። አዲስ የገባው ሰው ከዚያ ትስስር ውጭ ይቆማል። ልጁ ደግሞ በተራው ሁለቱ ባልና ሚስት ሲቀራረቡ ውጭ የቀረ ይመስለዋል። ይህ የሚሆነው ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም። ቤቱ የተሠራበት መንገድ ነው የሚያመጣው። መፍትሔ ብላ አጥብቃ የምትመክረውም ሁሉም ሰው ሁልጊዜ በአንድ ላይ እንዲሆን መግፋትን አይደለም። ሁለት ሁለት ሆኖ ጊዜ ማሳለፍን ነው። ወላጅ ከልጁ ጋር ብቻውን፣ ባል ከሚስቱ ጋር ብቻቸውን፣ እንጀራ አባት ከእንጀራ ልጁ ጋር ብቻቸውን። መዋሃዱ ደግሞ ወራት ሳይሆን ዓመታት ይፈልጋል።

ይህን ሐሳብ መኪና ውስጥ ያወረደችው ባለቤቴ ናት። ከምሳ በኋላ ባለው መንገድ ጋቢናውን ለትልቁ ልጅ ለቃ ኋላ ገባች። «እኔ ከልጄ ጋር መቀመጥ አማረኝ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ልጄ ጋቢና ገብቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ካርታውን ከፈተ። ልጅቷ እናቷ ትከሻ ላይ ተኛች። ትንሹ ደግሞ መስኮቱን ስላገኘ የሌላው ጉዳይ አላሳሰበውም። ከዚያ ወዲህ የጉዟችን ሕግ ሆኗል፤ ጠዋት ጋቢናው የባለቤቴ ነው፣ ከሰዓት የትልቁ ልጅ። ሌሎቹ ሁለቱ አይጠይቁም፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ኋላ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ የደኅንነት ባለሙያዎች ይመክራሉ። የኤር ባጉ ኃይል ለአዋቂ ሰውነት የተሠራ ነው። ምክንያቱን አስረድቻቸዋለሁ። እኔ የማላዳላበት ሕግ መኖሩ ደስ ይለኛል።

የፍጥነቱ ነገር ደግሞ በልጅቷ ሆድ በኩል መጣ። መንገድ ያማታል። የመንገድ ሕመም ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበዛል። የውስጥ ጆሮ መኪናው እንደሚንቀሳቀስ ለአንጎል ይናገራል፤ ስልክ ወይም መጽሐፍ ላይ የተተከለ ዓይን ደግሞ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም ይላል። አንጎል በሁለቱ መካከል ግራ ሲጋባ ሆድ ይረበሻል። ራቅ ብሎ አድማሱን ማየት፣ መስኮት ከፈት ማድረግ፣ ከመንገድ በፊት ቅባት የበዛበት ነገር አለመብላት ይረዳል። ይህን ሁሉ እናውቃለን። ቢሆንም ጠመዝማዛው መንገድ ላይ «ጋሼ፣ እባክህ አቁምልኝ» ስትል ሰማኋት።

ዳር ይዤ አቆምኩ። ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ልትወጣ ስትታገል እኔ በሩን ከፍቼ ደረስኩ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አስመለሰች። ፀጉሯን ወደ ኋላ ያዝኩላት። እጄን አልገፋችውም፤ ሌላ ጊዜ ትከሻዋን ስነካት ትሸሸኛለች። ትልቁ ልጄ ወርዶ የራሱን የውሃ ኮዳ ይዞ መጣ። ክዳኑን ከፍቶ ሰጣት። ተጉመጠመጠች፣ ፊቷን ታጠበች። ኮዳውን ልትመልስለት ስትል «ያዢው» አላት። ይህችን ቃል ሲናገር ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነበር። ሁለቱ እስከዚያ ድረስ በጉዞው ውስጥ ቀጥታ የተነጋገሩት ነገር እምብዛም ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረውን መንገድ በጣም ቀስ ብለን ሄድን። ለማየት ያሰብነው ቦታ ስንደርስ ተዘግቶ ነበር። ማንም አላዘነም። እኔ በሥራዬ የቀነ ገደብ ሰው ነኝ። ሰዓት ሲያልፍ ውስጤ ይቆጣል። እዚያ መንገድ ላይ ግን ልጆቹ በሚችሉት ልክ መሄድ ማለት በተግባር ምን እንደሚመስል አየሁ። የቀኑ ዋና ነገር የተዘጋው ቦታ ሆኖ አያውቅም። የውሃ ኮዳው ነው።

ስለ ሥራው ትንሽ ልበል። የሒሳብ ሰው ነኝ። የወር መዝጊያ ሲደርስ ስልኬ እረፍት የለውም። «ፈቃድ ላይ ነኝ» ማለት ቀላል ነው፤ ሐሳብን ከቢሮ ማውጣት ግን ሌላ ነው። ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህን ነገር የትኩረት ቅሪት ብላ ሰይማዋለች። ሰው አንድ ሥራ ሳይቋጭ ወደ ሌላ ሲሻገር ከሐሳቡ ከፊሉ እዚያው ይቀራል። ከልጅ ጋር ተቀምጠህ ዓይንህ ልጁ ላይ ሆኖ ልብህ ሰነዱ ላይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ልጅ ደግሞ ይህን ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም። በተለይ አባቱን በሳምንት ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚያገኝ ልጅ።

ለሮይና የሥራ ባልደረባዋ በኋላ ባሳተሙት ሥራ የሚረዳ ነገር አግኝተዋል። ሥራውን ከማቋረጥህ በፊት የት እንደደረስክና ስትመለስ ምን እንደምትቀጥል በአጭሩ መጻፍ ነው። አንጎል ነገሩ ቦታ እንደተሰጠው ሲያውቅ ይለቀዋል። እኔም ከጉዞ በፊት ባለው የመጨረሻ ቀን እንዲሁ አደርጋለሁ። ያልተጠናቀቀውን ሁሉ እጽፋለሁ። ማን ምን እንደሚከታተል እሰጣለሁ። ለድንገተኛ ነገር የሚደውልልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ኢሜይሉ በራሱ ይመልሳል። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ አንድ ሰዓት ሥራዬን አያለሁ፣ ቁርስ ሲቀርብ ላፕቶፑ ይዘጋል። ይህን ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ። በድብቅ መጸዳጃ ቤት ገብቶ መልእክት ከመመለስ በግልጽ የታወቀ ሰዓት መያዝ ይሻላል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ ሃምሳና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከስልክና ከኢሜይል ስለሚላቀቅበት መብት እንዲደራደሩ በሕግ ደንግጋለች። ሕግ የማያስገድደው ቀጣሪ ያለን ሰዎች ይህን ራሳችን ነው የምንደራደረው፤ ለዚያውም ፈቃድ ከመውጣታችን አስቀድመን።

የእምነቱ ጉዳይ ከሥራው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወንዶቹ በእናታቸው ቤት የሚጸልዩበት መንገድ ከእኛ ቤት ይለያል። ልጅቷ ደግሞ በራሷ ልማድ ነው ያደገችው። አንዱን ትክክል ሌላውን ስህተት ባደርግ የእናታቸውን ቤት መናቄ ነው፤ ያንንም ወዲያው ይሰሙታል። ስለዚህ በጉዞ ላይ የምንጠብቀው ጥቂት ነገር ነው። ሞተር ከመነሳቱ በፊት አጭር ጸሎት እናደርጋለን። በተራ ነው። ያልፈለገ «ይለፈኝ» ይላል፣ ቀጣዩ ይጸልያል። ትልቁ ልጄ ብዙ ጊዜ ያሳልፋል። ዓይኑንም አይጨፍንም። እኔም ለምን አልለውም። ዘዳግም 6 ቃሉን ለልጆችህ አስተምር ሲል በቤት ስትቀመጥ ብቻ አይልም፣ በመንገድ ስትሄድም ይላል። መንገድ ላይ ማስተማር እንደ ጉባኤ አይሆንም። ልጁ ዓይኑን ገልጦ የሌሎቹን ጸሎት ከሰማ ለእኔ በቂዬ ነው።

አንድ ጠዋት ተራው የልጅቷ ሆነ። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ስለ መንገዱ ጸለየች፣ ስለ ሆዷም ጸለየች። ከዚያ «አባቴንም በሄደበት ጠብቅልኝ» አለች። አባቷ ሩቅ አገር ነው። መኪናው ውስጥ ያለን ሁላችን ማንን ማለቷ እንደሆነ እናውቃለን። ባለቤቴ ዓይኔን ፈለገች። እኔ «አሜን» አልኩ፤ ከልቤም ነው ያልኩት። ይህች ልጅ አባቷን እያስታወሰች እኔ ፊት መጸለይ ከቻለች መኪናው ውስጥ መደበቅ የሚያስፈልጋት ነገር የለም ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን እለምናለሁ?

እሁድን በማናውቀው ከተማ፣ በማናውቀው ቤተ ክርስቲያን አሳለፍን። እዚያ ያስተዋልኩትን ነገር ቀድሞ ማንም አልነገረኝም። በለመድነው ቤተ ክርስቲያን ሁሉም ታሪካችንን ያውቃል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተለያየ ያውቃሉ። በፍቅር ነው የሚያዩን፣ ግን ያዩናል። እንግዳ ቦታ ላይ ግን አምስት ሰዎች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ በቃ። አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት ሦስቱንም ልጆች በየተራ ሳሟቸው። ምንም አልጠየቁም። ትንሹ ልጄ ሲወጣ «እዚህ ደስ ይላል» አለ። ለምን ደስ እንዳለው አልገለጸም።

እንዲህ ባለ ጉዞ ላይ የዮሴፍ ነገር ብዙ ይመጣብኛል። የማርያም እጮኛ የዮሴፍ ማለቴ ነው። ሉቃስ 2 ላይ ቤተሰቡ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይሄዳል። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ሲመለሱ ከዘመድ ከወዳጅ ጋር መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ከሄዱ በኋላ እንደሌለ ይረዳሉ። ተመልሰው ይፈልጉታል። ከሦስት ቀን በኋላ በመቅደስ፣ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ያገኙታል። ማርያም ስትናገረው አባትህና እኔ ተጨንቀን ስንፈልግህ ነበር ትለዋለች። ዮሴፍ በዚያ ምዕራፍ አንድ ቃል አይናገርም። ልጁ እኔ በአባቴ ቤት መሆን እንደሚገባኝ አታውቁምን ሲል የሚያወራው ስለ ሌላ አባት ነው። ዮሴፍ ያንን ቆሞ ይሰማል። ልጁም አብሯቸው ወደ ናዝሬት ይወርዳል፣ ይታዘዛቸዋልም። ያልወለደውን ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ክፍል ሲያነብ የዮሴፍ ዝምታ ይገባዋል። ሦስት ቀን የፈለገ እግር አለው፣ የሚጠይቀው ማዕረግ የለውም።

ከልጆቹ ሌላ ወላጅ ጋር ያለው ነገር ደግሞ ስሜት ብቻ አይደለም፣ ወረቀትም አለው። ድንበር የሚያሻግር ጉዞ ከሆነ ብዙ አገሮች ልጅ ከአንድ ወላጁ ጋር ብቻ ሲጓዝ የሌላኛውን ወላጅ የጽሑፍ ስምምነት ያያሉ፣ የልጁና የአዋቂው ስም የማይገጥም ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይበዛል። የልደት የምስክር ወረቀት ቅጂና ስለ አስተዳደጉ የተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ካለ መያዝ ጥሩ ነው። ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። ልጅን ያለ ሌላው ወላጅ ፈቃድ ወደ ሌላ አገር መውሰድን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1980 በሄግ ተፈርሟል። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። በብዙ አገሮች እንጀራ ወላጅ ስላገባ ብቻ ለልጁ ሕክምና የመፈረም ሥልጣን አያገኝም። ባለቤቴ ከልጆቼ ጋር ብቻዋን በምትሆንበት ሰዓት አንዱ ቢሰበር ምን ይሆናል? ይህንን ከልጆቼ እናት ጋር ቀድመን ተነጋግረን የተፈረመ ወረቀት አዘጋጀን። የምንሄድበትን ቀን፣ የምናድርበትን ቦታና ስልክ ቁጥሩንም ሰጠኋት። አመሰገነችኝ። እኔም ወረቀቱን በመፈረሟ አመሰገንኳት።

ስልክ መደወሉ ደግሞ የልጆቹ ነው። ማታ ማታ ለእናታቸው ሲደውሉ ከክፍሉ እወጣለሁ። ልጅ ከአንዱ ወላጁ ጋር ሲደሰት ሌላውን የከዳ ሊመስለው ይችላል። ትንሹ ልጄ ቀን ሲስቅ ውሎ ማታ ለእናቱ «ደህና ነው» ብቻ ሲል ሰምቼዋለሁ። የዋለበትን ደስታ ከእሷ የሚደብቀው እንዳይከፋት ብሎ ነው። በማግስቱ ዋና ሲዋኝ የተነሳውን ፎቶ «ለእማዬ ላክላት፣ ደስ ይላታል» አልኩት። ላከ። እሷም ልባም ሴት ናትና ወዲያው «ጎበዝ! ስትመጣ ታሳየኛለህ» ብላ መለሰችለት። ማታ ላይ ስልኩን ይዞ ረጅም አወራ።

ተግሣጽ ላይ ከባለቤቴ ጋር አቋማችን አንድ ነው። እሷ ልጇን ትቆጣለች፣ እኔ ልጆቼን። ስለ መኝታ ሰዓት፣ ስለ ስልክ፣ ስለ አልጋ ማንጠፍ የወለደው ይናገራል። ሌላው መቀራረቡ ላይ ይሥራ። ይህንንም ባለሙያዎች ይመክሩታል፣ እኛ ግን ከምክሩም በፊት ልጆቹ ያስተማሩን ይመስለኛል።

የሚቀጥለውን ጉዞ ከአሁኑ ጀምረናል። ትልቁ ልጄ ግማሹን ብቻ መምጣት ይፈልጋል፤ ከጓደኞቹ ጋር የያዘው ነገር አለ። እናቱ ተስማምታለች፣ እኔም ተስማምቻለሁ። ከግማሽ ላይ እሱን ለመቀበል እኔና እሱ ብቻ የምንነዳው መንገድ ይኖራል። በዚያ ጊዜ ባለቤቴ ከሁለቱ ታናናሾች ጋር ትቆያለች፣ ወረቀቱም እንደ ባለፈው ይፈረማል። ቦታውን የምትመርጠው ልጅቷ ናት። አንድ ሁኔታ ብቻ አስቀምጣለች፤ ጠመዝማዛ መንገድ እንዳይሆን።